በአሜሪካ ጦር ላገለገሉ የደም ግፊት ሕሙማን፦ የአካል ጉዳት ካሳ ለመጠየቅና ይግባኝ ለማለት የሚረዳ መመሪያ

በአሜሪካ ጦር አገልግሎ የተሰናበተ ሰው የደም ግፊቱ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ሁሉም በአጭሩ ቪኤ ከሚለው የአሜሪካ የቀድሞ ጦር አባላት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግብር የማይቆረጥበት ወርሃዊ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ስንብቱ በውርደት እስካልሆነ ድረስ መብቱ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖረውም ወደ አገሩ ተመልሶ ለሚኖረውም ያው ነው። አባቶቻችን በኮሪያ ከአሜሪካ ጦር ጎን ተሰልፈው የፈጸሙት የቃኘው ሻለቃ አገልግሎት ግን ለዚህ ካሳ አያበቃም፤ ሕጉ የሚመለከተው በራሱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የተፈጸመን አገልግሎት ነው።

የደም ግፊት ጥያቄ ከጀርባ ሕመም ወይም ከጆሮ ጩኸት ጥያቄ የሚለየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቁጥር የሚወሰን በመሆኑ ነው። መርማሪው ምን ያህል እንደሚያምዎት አይጠይቅም፤ የሚፈልገው መቼ፣ ስንት ጊዜና ስንት ሆኖ እንደተለካ ነው። ብዙ ሰው ዛሬ የተለካውን ቁጥር ይዞ ይቀርባል፤ የዛሬው ቁጥር ግን በክኒን የወረደ ስለሆነ አይረዳውም። ጉዳዩን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የተመዘገበው አሮጌ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ያንን አሮጌ ወረቀት ፈልጎ በማግኘትና በቦታው በማስቀመጥ ላይ ያተኩራሉ። ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አስቀድመው ቀኑን ያስይዙ

ማስረጃ መሰብሰብ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ካሳው የሚታሰበው ግን በአብዛኛው ማመልከቻዎ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህንን ክፍተት ለመሙላት ቪኤ የማመልከት ሐሳብ ማሳወቂያ የሚባል አሠራር አለው። ቅጹ 21-0966 ነው፤ በስልክ ማሳወቅም ይቻላል፤ ማመልከቻውን በቪኤ ድረ ገጽ ላይ ሲጀምሩ ደግሞ ቀኑ ራሱ ይያዝልዎታል። ከዚያ በኋላ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት አንድ ዓመት ይኖርዎታል። ለምሳሌ ሐሳብዎን ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 አሳውቀው ሙሉ ማመልከቻውን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቢያስገቡና ቢፈቀድልዎት፣ የመብትዎ መነሻ ጃንዋሪ 10 ይሆናል፤ ክፍያው የሚታሰበውም ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ፣ ማለትም ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ዓመቱ በአንድ ቀን ካለፈ የተያዘው ቀን ይቀራል።

ከጦሩ ገና ያልወጣ ሰው ከመሰናበቱ በፊት ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማመልከት ይችላል። ከተሰናበተ በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላው ያመለከተ ደግሞ የመብቱ መነሻ ከተሰናበተበት ቀን ማግስት ይቆጠርለታል።

2. ቪኤ ግፊትን በምን እንደሚመዝን ይረዱ

በግፊት መለኪያው ላይ የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር ያለውን ግፊት ያሳያል፤ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ ያለውን። በቪኤ ደንብ መሠረት ሕመሙ የደም ግፊት የሚባለው የታችኛው ቁጥር በአብዛኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ አለበለዚያ የታችኛው ከ90 በታች ሆኖ የላይኛው በአብዛኛው 160 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህም ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በተወሰደ ልኬት መረጋገጥ ይኖርበታል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ልዩነት አለ። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ከ2017 ጀምሮ ግፊት የሚሉት ከ130 በ80 ተነሥተው ሲሆን የቪኤ ደንብ ግን ወደዚያ አልወረደም። ስለዚህ የግል ሐኪምዎ 138 በ86 አይቶ ግፊት እንዳለብዎት ቢጽፍና መድኃኒት ባይጀምሩ፣ ቪኤ በደንቡ መሠረት ሕመሙ አልተረጋገጠም ሊል ይችላል።

የካሳው መቶኛ የሚወሰነው እንደሚከተለው ነው።

የታችኛው ቁጥር በአብዛኛው 100 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የላይኛው በአብዛኛው 160 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 10 በመቶ፤
የታችኛው በአብዛኛው 110 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የላይኛው በአብዛኛው 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 20 በመቶ፤
የታችኛው በአብዛኛው 120 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 40 በመቶ፤
የታችኛው በአብዛኛው 130 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 60 በመቶ።

«በአብዛኛው» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። አንድ ቀን ድንገተኛ ክፍል ገብተው 190 በ115 ቢለኩ ያ ብቻውን 20 በመቶ አያስገኝም።

ለ10 በመቶው አንድ ተጨማሪ በር አለ፤ ለአብዛኛው ሰው ወሳኙም ይኸው ነው። ቀድሞ የታችኛው ቁጥሩ በአብዛኛው 100 ወይም ከዚያ በላይ የነበረና አሁን ግፊቱን ለመቆጣጠር ያለማቋረጥ መድኃኒት መውሰድ የግድ የሆነበት ሰው፣ የዛሬው ልኬት 122 በ78 ቢሆንም እንኳ ቢያንስ 10 በመቶ ይሰጠዋል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ መድኃኒት መውሰድ ብቻውን አይበቃም። የቀድሞው ቁጥር 96 ወይም 98 እየሆነ ይመዘገብ ከነበረ፣ ሕመሙ ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ቢታመንም ውጤቱ ዜሮ በመቶ ሊሆን ይችላል።

በክኒን የተሸፈነውን ግፊት ቪኤ ገምቶ መቶኛ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ለሚያስብ ሰው መልሱ አይቻልም ነው። የቀድሞ ጦር አባላት የይግባኝ ጉዳዮች ፍርድ ቤት በ2016 በማካሮል ጉዳይ እንደወሰነው፣ የግፊት መመዘኛው ራሱ መድኃኒትን ስለሚጠቅስ ቪኤ መድኃኒቱ ያመጣውን መሻሻል ግምት ውስጥ ማስገባት ይችላል። ከምርመራ በፊት ክኒን አቋርጦ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ መሞከር ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ሞኝነት ነው፤ በተለይ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱ ከቀድሞው በላይ ይንራል።

የገንዘቡን መጠን በተመለከተ፣ በ2025 የክፍያ ሰንጠረዥ 10 በመቶ በወር 175.51 ዶላር ሲያስገኝ 20 በመቶ 346.95 ዶላር ያስገኝ ነበር። ሌላ የተፈቀደ መቶኛ ካለዎት ግን ሁለቱ በቀጥታ አይደመሩም፤ አዲሱ የሚታሰበው ከቀሪው ጤናዎ ላይ ነው። 50 በመቶ ላለው ሰው 10 ሲጨመር 55 ይሆንና ወደ 60 ይጠጋጋል። 70 ላለው ሰው ግን 73 ሆኖ ተመልሶ 70 ላይ ይቀራል።

3. የሚያመለክቱበትን መንገድ ይምረጡ

ግፊትን ከአገልግሎት ጋር ለማያያዝ አራት መንገዶች አሉ። ከአንድ በላይ የሚመለከትዎት ከሆነ ሁሉንም በማመልከቻው ላይ ይጥቀሱ።

የመጀመሪያው ቀጥተኛ መንገድ ነው። ሕመሙ በአገልግሎት ላይ ሳሉ መጀመሩን፣ አሁንም መኖሩንና ሁለቱ መያያዛቸውን ያሳያሉ። ማስረጃው ካለ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ሁለተኛው የአንድ ዓመቱ የሕግ ግምት ነው። ቢያንስ 90 ቀን በንቁ አገልግሎት ላይ የቆየ ሰው ከተሰናበተ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ግፊቱ የ10 በመቶ መመዘኛውን በሚያሟላ ደረጃ ከታየበት፣ ሕጉ በአገልግሎት ላይ እንደጀመረው ይቆጥርለታል። ለምሳሌ ጁን 30 ቀን 2019 የተሰናበተ ሰው በማርች 2020 በሦስት የተለያዩ ቀናት የታችኛው ቁጥሩ 102፣ 104 እና 100 ሆኖ ከተመዘገበለት ይህ መንገድ ክፍት ነው። ማመልከቻው ከዓመታት በኋላ ቢገባም ችግር የለውም፤ ዓመቱ የሚመለከተው ልኬቱን እንጂ ማመልከቻውን አይደለም።

ሦስተኛው ኤጀንት ኦሬንጅ ለተባለው የአረም ማጥፊያ ኬሚካል ለተጋለጡ ሰዎች ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት በኬሚካሉና በደም ግፊት መካከል በቂ ማስረጃ ያለው ግንኙነት እንዳለ ደመደሙ፤ ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው የፓክት ሕግም ግፊትን በሕግ ግምት ከሚታመኑት ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከጃንዋሪ 9 ቀን 1962 እስከ ሜይ 7 ቀን 1975 በቬትናም ያገለገሉ፣ ከጃንዋሪ 9 ቀን 1962 እስከ ጁን 30 ቀን 1976 በታይላንድ የጦር ሰፈሮች የነበሩ፣ ከጃንዋሪ 9 ቀን 1962 እስከ ጁላይ 31 ቀን 1980 በጉዋም ወይም በአሜሪካን ሳሞአ ያገለገሉ ሰዎች ይካተታሉ፤ ላኦስ፣ የካምቦዲያ አንድ አካባቢ፣ ጆንስተን ደሴትና የኮሪያ ድንበርም የየራሳቸው ጊዜ ተወስኖላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሕመሙንና የነበሩበትን ቦታ ካረጋገጡ ሕመሙን ከአገልግሎቱ ጋር የሚያያይዝ የሐኪም ደብዳቤ (ማያያዣ ደብዳቤ) አያስፈልጋቸውም። ከ2022 በፊት ተጠይቆ የተከለከለ ካለም የሕጉ መለወጥ ጉዳዩን እንደገና ለማቅረብ ያስችለዋል።

ከእኛ ማኅበረሰብ የተመለመሉት ወጣቶች በአብዛኛው ያገለገሉት በኢራቅና በአፍጋኒስታን ዘመን ስለሆነ፣ ፓክት ሕግ ሲባል ግፊትም ለእነሱ የተፈቀደ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሕጉ ለቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ ለተጋለጡት አስምንና የተለያዩ ካንሰሮችን ጨምሮ ብዙ ሕመሞችን ቢዘረዝርም፣ ግፊት ከእነዚያ ውስጥ የለም። እነሱ በሌሎቹ ሦስት መንገዶች መሄድ ይኖርባቸዋል።

አራተኛው ተከታይ ሕመም የሚባለው ነው፤ ለወጣቶቹ ብዙ ጊዜ የሚሠራውም ይህ ነው። ቀድሞ የተፈቀደ ሌላ ሕመም ግፊቱን ካመጣው ወይም ካባባሰው ካሳው ለግፊቱም ይሰጣል። ተደጋግመው የሚቀርቡት ምክንያቶች ከጦርነት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥ፣ ኩላሊትን የጎዳ ስኳር፣ እንዲሁም ለጀርባ ወይም ለጉልበት ሕመም ለዓመታት የተወሰዱ እንደ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሰን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። የተፈቀደው የጉልበት ጉዳት እንቅስቃሴን ገድቦ ውፍረት ካመጣ፣ ውፍረቱም ግፊትን ካስከተለ፣ ውፍረቱን እንደ መሸጋገሪያ አድርጎ ማቅረብ ይፈቀዳል።

4. አሮጌውን ቁጥር ፈልገው ያግኙ

ቪኤ የአገልግሎት ዘመን የሕክምና መዝገብዎን የማስመጣት ግዴታ አለበት፤ ይሁንና የራስዎን ቅጂ ጠይቀው ገጽ በገጽ እንዲያነቡት አጥብቄ እመክራለሁ፤ የእርስዎን ያህል ተጠንቅቆ የሚያነበው የለምና። መዝገቡ በሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ወይም ከቪኤ ሊጠየቅ ይችላል።

ሲያነቡ ሐኪም ግፊት ብሎ የጻፈበትን ገጽ ብቻ አይፈልጉ። ለቁርጭምጭሚት ወለምታ ወይም ለጉንፋን የሄዱበት ቀን ሁሉ ነርሷ መጀመሪያ ግፊት ለክታለች፤ ቁጥሩም በገጹ ራስጌ ላይ ከሙቀትና ከልብ ምት ጎን ተጽፎ ይገኛል። የጥርስ ክሊኒክ መዝገብ ደግሞ ማንም የማያስበው ሀብት ነው፤ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ግፊት ይለካል፣ መዝገቡም ለብቻው ስለሚቀመጥ ለይተው ካልጠየቁት ላይመጣ ይችላል። ዓመታዊ የጤና ምርመራዎችን፣ ከግዳጅ ሲመለሱ የተደረጉ ምርመራዎችንና የስንብት ምርመራውንም አብረው ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ቀን፣ ክሊኒክ፣ የላይኛው ቁጥር፣ የታችኛው ቁጥር፣ መድኃኒት መጀመሩ ወይም አለመጀመሩ፣ የመዝገቡ ገጽ። ለምሳሌ «ማርች 4 ቀን 2014፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ 148 በ102፣ ያለ መድኃኒት፣ ገጽ 61» የሚል መስመር ከስድስት ተመሳሳይ መስመሮች ጋር ሲቀመጥ፣ ብዙ መቶ ገጽ የሚያገላብጠው መርማሪ የሚፈልገውን በአንድ እይታ ያገኛል። ዝቅተኛ ቁጥሮችንም ያካትቱ፤ መርጠው የጻፉ ከመሰለው የቀረውንም አያምንዎትም። የመጀመሪያው ክኒን የታዘዘበትን ቀን በጉልህ ያሳዩ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚወሰድ የማዘዣ ዝርዝርም ያያይዙ፤ «ያለማቋረጥ» የሚለውን መስፈርት የሚያረጋግጠው እሱ ነውና።

የቤት ውስጥ ልኬትም ዋጋ አለው፤ በተለይ ዛሬም በመድኃኒት ላይ ሆኖ ቁጥሩ ላልወረደለት ሰው። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይተዉ፤ አምስት ደቂቃ በዝምታ ይቀመጡ፤ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስይዘው፣ ክንድዎን በልብዎ ትይዩ ያሳርፉ። የማሽኑ መጠቅለያ ለክንድዎ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ለክተው ሁለቱንም ይጻፉ። ቁጥሩ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንደበት መያዝ ከተሰማዎት ግን መመዝገቡን ትተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

በኢትዮጵያ የታከሙ ሰዎች የካርዳቸውን ቅጂ ከሆስፒታሉ ያስወጡ። ሐኪሞቻችን ካርድ ላይ የሚጽፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይዘቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። መስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 መሆኑን የውጭ አገር ማመልከቻዎችን በሚያየው የፒትስበርግ የቪኤ ቢሮ የተቀመጠ ሠራተኛ አያውቅም፤ የ2015ቱን ልኬት በራሱ አቆጣጠር ወስዶ ጉዳዩን በሰባት ዓመት ሊያዛባው ይችላል። እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር የሚያሳይ የተፈረመ ማብራሪያ አያይዙ፤ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀትም ካለ ከትርጉሙ ጋር ያቅርቡ።

የባለቤትዎ ወይም የቀድሞ ጓድዎ ምስክርነት በቅጽ 21-10210 ይቀርባል። ምስክሩ ያየውን ይናገር፤ «ከግዳጅ ከተመለሰ ጀምሮ ክኒን ሲወስድ አያለሁ» ማለት ይችላል፤ «ግፊቱ የመጣው ከጭንቀቱ ነው» ማለት ግን የሐኪም ሥራ ነው።

5. የሐኪሙ ማያያዣ ደብዳቤ

በተከታይ ሕመም መንገድ የሚሄድ ሰው ያለዚህ ደብዳቤ እምብዛም አይሳካለትም። ሐኪሙ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግንኙነቱ የመኖሩ ዕድል ካለመኖሩ ዕድል ቢያንስ እኩል መሆኑን ነው። ማስረጃው ሲመዛዘን እኩል ከሆነ ውሳኔው ለአመልካቹ ያደላል። ሐኪሞች ግን በልማድ «ሊሆን ይችላል» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ አነጋገር ለቪኤ ግምታዊ ስለሆነ ዋጋ የለውም።

ደብዳቤው ሐኪሙ መዝገብዎን ማንበቡን ይግለጽ፤ ሕመሞቹንና ቀኖቹን ይጥቀስ፤ ግንኙነቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር ያስረዳ። ለምሳሌ ማስታገሻዎቹ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ በማድረግ ግፊትን እንደሚያንሩ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ለየብቻ መልስ ይስጥ፦ አንደኛ፣ የተፈቀደው ሕመም ግፊቱን አመጣው ወይ? ሁለተኛ፣ ባያመጣው እንኳ ከተፈጥሮ አካሄዱ በላይ አባባሰው ወይ? ቤተሰብዎ ግፊት ያለበት ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ያስፈልግዎታል፤ የቪኤ መርማሪ «የዘር ነው» ብሎ የመጀመሪያውን በአንድ መስመር ሊዘጋው ይችላልና። ተባብሷል ሲባል ከመባባሱ በፊት የነበረው ደረጃ መታወቅ ስላለበት፣ በአራተኛው ደረጃ ያዘጋጁትን ሠንጠረዥ ለሐኪሙ ይስጡት።

6. ማመልከቻውን ያስገቡ

ቅጹ 21-526ኢዜድ ነው። በቪኤ ድረ ገጽ፣ በፖስታ ወይም በአካል ማስገባት ይቻላል። ዲዲ 214 የተባለውን የስንብት ወረቀት ያያይዙ፤ የግል ሐኪም መዝገብ ቪኤ እንዲያመጣልዎ ከፈለጉ ቅጽ 21-4142ን ይሙሉ። ሕመሙን ሲገልጹ «የደም ግፊት» ብለው ብቻ አይተዉት፤ «በአገልግሎት ላይ የጀመረ የደም ግፊት፣ በተጨማሪም በተፈቀደልኝ የአእምሮ ጭንቀት የመጣ ወይም የተባባሰ» ብለው መንገዱን ያሳዩ።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ አይክፈሉ። አሜሪካን ሊጅን፣ ዲስኤብልድ አሜሪካን ቬተራንስ፣ ቬተራንስ ኦፍ ፎሪን ዎርስ የተባሉት የቀድሞ ጦር አባላት ማኅበራትና የካውንቲ ቢሮዎች ፈቃድ ያላቸው ተወካዮች አሏቸው፤ የሚያስከፍሉትም የለም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ እንኳ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማስከፈል አይችልም፤ ክፍያ የሚፈቀደው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው። የጨመረልዎትን ካሳ ለተከታታይ ወራት እንዲሰጡኝ ውል ይፈርሙልኝ የሚል ድርጅት ካጋጠመዎት ስሙን በቪኤ የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ። ከሌለበት ይራቁ።

7. ምርመራው

ቪኤ ምርመራ ካዘዘ ሳይቀሩ ይገኙ፤ ቀጠሮው የማይመች ከሆነ አስቀድመው ያስለውጡ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው የመጀመሪያ ማመልከቻው በእጅ ባለው ማስረጃ ብቻ ይወሰንበታል፤ መቶኛ እንዲጨመርለት የጠየቀ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰውም ምርመራው በሚኖርበት አገር እንዲመቻችለት ይጠይቅ።

ምርመራው አጭር ነው። ሠንጠረዡንና የመድኃኒቶችዎን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ፤ መርማሪው ስንት ጊዜ እንደለካ፣ መዝገብዎን ማየቱንና መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ስለነበረው ቁጥር መጠየቁን እዚያው እንደወጡ ጽፈው ያስቀምጡ። በኋላ የምርመራውን ሪፖርት ቅጂ ሲጠይቁ ከማስታወሻዎ ጋር ያስተያዩታል።

8. የውሳኔውን ደብዳቤ ማንበብ

ደብዳቤው ሲደርስ ብዙ ሰው መቶኛውን አይቶ ይዘጋዋል። ሊነበቡ የሚገባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የማስረጃ ዝርዝር ነው፤ ያስገቡት የጥርስ ክሊኒክ መዝገብ እዚያ ከሌለ አልታየም ማለት ነው። ሁለተኛው ለእርስዎ የሚያደሉ ግኝቶች የሚለው ክፍል ነው። እዚያ የተጻፈው፣ ለምሳሌ «የደም ግፊት ሕመም መኖሩ ተረጋግጧል» የሚለው፣ ግልጽና የማያከራክር ስሕተት ካልተገኘበት በቀር በሚቀጥሉት የቪኤ ውሳኔ ሰጪዎች ላይ ሁሉ የጸና ነው፤ ስለዚህ በይግባኝ ያንን እንደገና ለማስረዳት አይድከሙ። ሦስተኛው ያልተሟላው ነጥብ ነው፤ ይግባኙ የሚያነጣጥረው እሱ ላይ ብቻ ነው።

ዜሮ በመቶ ተሰጥቶዎት ከሆነ እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። ገንዘብ ባይኖረውም ሕመሙ ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ታምኗል፤ ለዚያ ሕመም ያለ ክፍያ በቪኤ ይታከማሉ፤ ውጭ አገር ለሚኖር ሰውም ቪኤ የውጭ አገር የሕክምና ፕሮግራም በሚባለው በኩል ለተፈቀደው ሕመም የወጣውን ወጪ ይሸፍናል። ወደፊት ግፊቱ የልብ ሕመም፣ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም የኩላሊት ድክመት ቢያስከትል እነዚያ እንደ ተከታይ ሕመም ይቀርባሉ፤ እነሱ የሚያስገኙት መቶኛ ደግሞ ከግፊቱ ሊበልጥ ይችላል። ሞት ቢደርስም ባለቤትና ልጆች የተረጂ ካሳ ለመጠየቅ መነሻ ያገኛሉ። በእኔ አስተያየት ከ10 ወደ 20 ለመድረስ ዓመታት ከመከራከር ግፊቱ ያስከተለውን ሌላ ጉዳት ማስመርመርና ለዚያ ማመልከት ይሻላል።

9. ይግባኙ

ከፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ሦስት መንገዶች አሉ። በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱን ከያዙ የመጀመሪያው የመብት ቀንዎ አይጠፋም፤ አንዱ ባይሳካም በአዲሱ ውሳኔ ላይ በዓመቱ ውስጥ ሌላውን እየቀጠሉ ቀኑን ማቆየት ይቻላል።

ተጨማሪ ማመልከቻ በቅጽ 20-0995 ይቀርባል። አዲስና ለጉዳዩ አግባብ ያለው ማስረጃ ይፈልጋል። የጎደለው የሐኪም ደብዳቤ ወይም አሮጌ ልኬት ከሆነ መንገዱ ይህ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ የሚመለከታቸው የቬትናም ዘማቾችም የቀድሞ ክልከላቸውን የሚያስነሡት በዚህ ነው።

በከፍተኛ ባለሙያ የሚደረግ ዳግም ምርመራ በቅጽ 20-0996 ይጠየቃል። አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፤ የሚመረምረው በፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት በትክክል መታየቱን ነው። ሦስት ልኬቶች ከ100 በላይ ሆነው በመዝገቡ ውስጥ እያሉ ውሳኔ ሰጪው «የቀድሞ ታሪክ የለም» ካለ፣ ወይም መርማሪው ስለ መምጣቱ መልሶ ስለ መባባሱ ዝም ካለ፣ ስሕተቱ ፋይሉ ውስጥ ነውና ይህንን ይምረጡ። ቅጹ ላይ የስልክ ውይይት ይጠይቁ፤ በውይይቱም ታሪክዎን ከመተረክ ይልቅ የገጽ ቁጥር ይጥቀሱ፦ «በገጽ 61፣ 84 እና 90 ላይ የታችኛው ቁጥር 102፣ 100 እና 104 ነው፤ ውሳኔው አንዱንም አልጠቀሰም።» ባለሙያው ቪኤ የመርዳት ግዴታውን እንዳልተወጣ ካመነ ጉዳዩን ለአዲስ ምርመራ ይመልሰዋል። በዚህ መንገድ በተሰጠ ውሳኔ ላይ ተመልሶ ይህንኑ መንገድ መጠየቅ ግን አይቻልም።

ሦስተኛው ዋሽንግተን ላለው የቀድሞ ጦር አባላት ይግባኝ ቦርድ በቅጽ 10182 ማመልከት ነው። ቦርዱ ሦስት ተራዎች አሉት፦ በፋይሉ ባለው ብቻ የሚወሰን፣ ቅጹ ከደረሰ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ማስረጃ የሚቀበል፣ እንዲሁም ከዳኛ ፊት ቃል የሚሰጥበት። ከሦስቱም የመጀመሪያው ፈጣን ነው። ቦርዱ ከሌሎቹ ሁለት መንገዶች የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሁለት ሐኪሞች ተቃራኒ አስተያየት ሰጥተው የማን ይበልጣል የሚል ክርክር ሲነሣ ወይም ስለ ሕግ ትርጉም ጥያቄ ሲኖር ቢይዙት ይመረጣል።

ቦርዱ ከከለከለ በ120 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ጦር አባላት የይግባኝ ጉዳዮች ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። እዚህ ጠበቃ መያዝ ያዋጣል፤ ክርክሩን ከረቱ መንግሥት የጠበቃውን ወጪ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል። በቀደሙት ደረጃዎች ለሚሠራ ጠበቃ ከተጠራቀመው ክፍያ ላይ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ድርሻ ተገቢ እንደሆነ ሕጉ ይገምታል፤ ከሲሦ የሚበልጥ ውል ደግሞ ከልክ ያለፈ ነው ተብሎ ይገመታል። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ድርሻው የሚታሰበው ከተጠራቀመው ገንዘብ ብቻ መሆኑንና ከወደፊቱ ወርሃዊ ክፍያዎ ምንም እንደማይነካ በጽሑፍ ያረጋግጡ።